ከቦሌ እስከ ደለስ፤ መንገዱ አንድ ሲሆን ሰዓቱ ለምን ሁለት ሆነ?

ጥንት በአገራችን የመንገድ ርዝመት የሚለካው በቀን ነበር። «ከዚህ እስከዚያ ምን ያህል ይርቃል?» ተብሎ የተጠየቀ መንገደኛ «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር እንጂ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። ይህ አነጋገር ዛሬ ላለነው ተማሪዎች ያልሠለጠነ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን በውስጡ አንድ ትልቅ እውቀት ነበረበት። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰውና ከዓባይ በረሃ የሚወጣ ሰው የሚሄዱበት መንገድ ርዝመቱ አንድ ነው፤ ሰዓቱና ድካሙ ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም። ስለዚህ ርቀት ሌላ፥ ጊዜ ሌላ መሆኑን አባቶቻችን በእግራቸው ተምረውት ነበር ማለት ነው።

በአይሮፕላን የምንሄድ የዚህ ዘመን ሰዎች ግን ይህን ትምህርት ረስተነዋል። አየር አቀበትና ቁልቁለት የሌለው፥ የተስተካከለ ሜዳ ይመስለናል። እንደዚህ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ የታወቀ መንገድ መርጠን እንመርምር፤ እርሱም ከአዲስ አበባ የቦሌ ማረፊያ ተነሥቶ በዋሽንግተን አጠገብ እስካለው እስከ ደለስ ማረፊያ የሚደርሰው ነው። ይህን መንገድ መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሽንግተንና በዙሪያው ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ከመካከላችን ወንድም ወይም እኅት፥ አጎት ወይም አክስት በዚያ የሌለው ጥቂት ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደዚያ የሚጓዝ ተማሪም በየዓመቱ አይጠፋም።

ጥያቄው ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ጉዞው በመንገድ ላይ የሚቆምበትን ጨምሮ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሲሄድ በመካከል አርፎ ነዳጅ መሙላት የቆየ ልማድ ነውና። ባለፉት ዓመታት በሮም፥ ኋላም በደብሊን ያርፍ ነበር። ያው አይሮፕላን ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ የሦስት ሰዓት ልዩነት ከየት መጣ? ብዙ ሰው «መሬት ስለምትዞር ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ልክ አይደለም። ትክክለኛውን ለማግኘት ደረጃ በደረጃ መሄድ ይገባናል።

፩. አጭሩ መንገድ የትኛው ነው?

በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ላይ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ብናገናኝ መስመሩ በሱዳን፥ በቻድ፥ በኒጀርና በማሊ ላይ አልፎ ከሰሐራ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ዓይን ይህን መስመር አይቶ «አጭሩ መንገድ ይህ ነው» ይላል። ዓይን ግን ተታሏል። ካርታው ዝርግ ነው፤ ምድር ግን ድቡልቡል ናት። መርካተር በተባለው ሊቅ ስም በሚጠራው ካርታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው መስመር የኮምፓስ አቅጣጫን ሳይለውጡ የሚጓዙበት መስመር ነው እንጂ አጭሩ መንገድ አይደለም።

አጭሩን መንገድ ለማግኘት በጂኦግራፊ ክፍል ያለውን ክብ ካርታ፥ ማለት ሉሉን፥ ማንሣት ነው። አንድ ክር ወስደን አንዱን ጫፍ በአዲስ አበባ፥ ሌላውን ጫፍ በዋሽንግተን ላይ አድርገን ጠበቅ አድርገን ብንስበው ክሩ ራሱ አጭሩን መንገድ ይዞ ይተኛል። ያን ጊዜ የሚያስደንቅ ነገር እናያለን። ክሩ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ወደ ምዕራብ አይሄድም፤ በሰሜንና በምዕራብ መካከል አቅንቶ በሱዳን፥ በደቡብ ምሥራቅ ሊቢያ፥ በደቡብ ቱኒዚያና በአልጄሪያ ላይ ያልፍና ሜዲቴራንያንን ተሻግሮ ስፔይንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ይገባል። በውቅያኖሱ ላይ 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከፍ ካለ በኋላ ወደ ደቡብ አዘንብሎ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በኩል ዋሽንግተን ይደርሳል። ይህን የመሰለው መስመር «ታላቁ ክብ» ይባላል፤ መስመሩ ቢቀጥል ምድርን በትክክል ከሁለት እኩል የሚከፍል ክብ ይሆናልና።

በማስመሪያ የተሰመረው መንገድ ርዝመቱ 12,090 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የክሩ መንገድ ግን ከዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ያጥራል። ይህ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በመኪና ከሚኬደው መንገድ የሚበልጥ ነው።

፪. ርቀቱን ራሳችን እናስላ

ሰው የነገረንን ቁጥር ከመቀበል ራሳችን ማስላት ይሻላል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትሪጎኖሜትሪ ይበቃል። የቦሌ ኬክሮስ 8.98 ዲግሪ ሰሜን፥ ኬንትሮሱ 38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የደለስ ኬክሮስ 38.94 ዲግሪ ሰሜን፥ ኬንትሮሱ 77.46 ዲግሪ ምዕራብ ነው። አንዱ ከግሪንዊች በምሥራቅ፥ ሌላው በምዕራብ ስለ ሆነ የኬንትሮሱን ልዩነት ለማግኘት ሁለቱን እንደምራለን፤ 116.26 ዲግሪ ይሆናል።

ሕጉ እንዲህ ነው። የሁለቱ ኬክሮሶች ሳይን ይባዛሉ። ደግሞም የሁለቱ ኬክሮሶች ኮሳይን ተባዝተው በኬንትሮሱ ልዩነት ኮሳይን ይባዛሉ። ሁለቱ ውጤቶች ሲደመሩ የርቀቱን ማእዘን ኮሳይን ይሰጡናል።

መጀመሪያው፤ 0.156 × 0.629 = 0.098
ሁለተኛው፤ 0.988 × 0.778 × (−0.442) = −0.340
ድምሩ፤ 0.098 − 0.340 = −0.242

ኮሳይኑ −0.242 የሆነ ማእዘን 104 ዲግሪ ነው። ኮሳይኑ ከዜሮ በታች መሆኑ ብቻውን አንድ ነገር ይነግረናል፤ ይኸውም ማእዘኑ ከ90 ዲግሪ በላይ፥ መንገዱም ከምድር ዙሪያ ሩብ በላይ መሆኑን ነው። በምድር ገጽ ላይ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 104 ሲባዛ በ111.2፥ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። ምድር በዋልታዎቿ በኩል በጥቂቱ የተጫነች ስለ ሆነች እውነተኛው ቁጥር በጥቂት ኪሎ ሜትር ይለይ ይሆናል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን የሚጎዳ አይደለም።

እንግዲህ በመካከል ማረፉ መንገዱን ምን ያህል እንደሚያስረዝመው በዚሁ ሕግ እንመልከት። ከቦሌ እስከ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር፥ ከደብሊን እስከ ደለስ 5,465 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድምሩ 11,830 ነው። በሮም በኩል ቢሆን 4,480 እና 7,230፥ ድምሩ 11,710 ያህል ይሆናል። ካርታውን ብቻ ያየ ሰው ደብሊን ከመንገድ ውጭ እጅግ ወደ ሰሜን የራቀ መስሎት ይገረም ይሆናል፤ ነገር ግን ጭማሪው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ለጄት አይሮፕላን የ20 ደቂቃ መንገድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሦስቱ ሰዓት ልዩነት ምክንያት የመንገዱ መጠምዘዝ አይደለም ማለት ነው።

፫. ከርቀት ወደ ሰዓት

የረጅም መንገድ ጄት አይሮፕላን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ በጸጥተኛ አየር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። 11,560ን ለ900 ብናካፍል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል እናገኛለን። በዚህ ላይ በመሬት የሚንቀሳቀስበት፥ ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣበትና ለማረፍ የሚወርድበት ጊዜ ሲጨመር ከ13 ሰዓት ጥቂት ያልፋል።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ለውጥ እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ እንመልከት። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረገው በሚያዝያ 1946 ሲሆን የሄደውም በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። አይሮፕላኑ ዳግላስ ሲ-47 የሚባለው ሁለት ሞተር ያለው ነው። ይህ አይሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ወደ ዋሽንግተን ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ በአየር ላይ ብቻ 43 ሰዓት ያህል በፈጀበት ነበር፤ በየመንገዱም ነዳጅ ለመቅዳት ደጋግሞ ባረፈ ነበር። በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሲመጡ የልደታው ሜዳ አልበቃ ስላለ ቦሌ ተሠራ። ደለስም ለጄት ዘመን ታስቦ የተሠራና በዚያው በ1962 የተከፈተ ማረፊያ ነው። ሁለቱ የዕድሜ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

፬. የሰማዩ ወንዝ

አሁን ወደ ልዩነቱ እንምጣ። በመጀመሪያ «መሬት ስለምትዞር» የሚለውን መልስ እንመርምር። ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መዞሯ እውነት ነው። ነገር ግን አየሩም አብሯት ይዞራል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ በቦሌ ሜዳ የቆመ ሰው በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነፋስ ሁልጊዜ በመታው ነበር። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ኳስ ወደ ላይ ብንወረውር ኳሱ ወደ ኋላ እንደማይቀር ሁሉ፥ አይሮፕላንም ምድር ከሥሩ እየሸሸችው አይቀርም።

እውነተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። ከምድር ወገብ አካባቢ የሚነሣው ሙቅ አየርና ከዋልታ በኩል ያለው ቀዝቃዛ አየር በሚዋሰኑበት ከፍታ፥ ከምድር ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፥ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ነፋስ አለ። ጄት ስትሪም ይባላል። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ እንዲያዘነብል የሚያደርገው የምድር መዞር ስለ ሆነ፥ የመዞሩ ነገር በዚህ በኩል ብቻ ድርሻ አለው። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በክረምታቸው ደግሞ ይበረታል።

የዚህ ነፋስ ታሪክ ለተማሪ የሚጠቅም ምክር አለበት። ኦኢሺ ዋሳቡሮ የተባለው የጃፓን የአየር ጠባይ ሊቅ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ ይህን ነፋስ ለካ፤ ውጤቱንም ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎ በኤስፔራንቶ ቋንቋ አሳተመው። ኤስፔራንቶ የሚያነብ ግን ጥቂት ሆነና ነገሩ ሳይሰማ ቀረ። በ1944 የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች በጃፓን ሰማይ ላይ ከዚህ ነፋስ ጋር ሲጋጠሙ አብራሪዎቹ እጅግ ተደነቁ። እውቀት መገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ ሰው በሚያነበው ቋንቋ መድረስም አለበት።

የነፋሱን ሥራ በቁጥር እናሳይ። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከምዕራብ ይመጣል ብለን እናስብ። ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ፊት ለፊት ስለሚገጥመው ፍጥነቱ 850 ይሆናል፤ ጉዞውም 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጃል። ሲመለስ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋው ፍጥነቱ 950 ሆኖ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይበቃዋል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከ26 ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያለ ነፋስ ቢሆን መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ 25 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ይሆን ነበር፤ በነፋሱ ግን 25 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሆነ። ነፋስ ሲመለሱ የሚሰጠው ሲሄዱ ከወሰደው ያንሳል። ምክንያቱም አይሮፕላኑ በነፋሱ ላይ ሲሄድ ዝግ ስለሚል በሚጎዳው ነፋስ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ በሚጠቅመው ነፋስ ውስጥ ግን ፈጥኖ ስለሚያልፍ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይቆያል።

፭. ቦሌ ከደመና በታች፥ ከባሕር በላይ

ነፋሱ ከሦስቱ ሰዓት ልዩነት ግማሽ ያህሉን ብቻ አስረዳን። የቀረው ከእግራችን በታች ያለ ነገር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ አለው። ደለስ 95 ሜትር ብቻ ነው።

ከፍታ ሲጨምር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ሃያ ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቀን በቦሌ ያለው አየር ክብደቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከቆላ መጥቶ በአዲስ አበባ ዳገት የሚወጣ እንግዳ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው ስለዚህ ነው። አይሮፕላንም እንደዚያው ይደክማል፤ ያውም በሁለት በኩል።

አንደኛ፥ ክንፉ ይደክማል። ክንፍ የሚሸከመው ክብደት በአየሩ ውፍረትና በፍጥነቱ ካሬ ይወሰናል። አየሩ ወደ ሦስት አራተኛ ቢወርድ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነቱ በመቶ 15 ያህል መጨመር አለበት፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ኃይል በአንድ ሦስተኛ ያድጋል። በባሕር ጠረፍ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሣ አይሮፕላን በቦሌ እስከ 325 መሮጥ ይኖርበታል። ሁለተኛ፥ ሞተሩ ይደክማል። ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ስለ ሆነ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል። እንግዲህ የበለጠ ፍጥነት የሚያስፈልገው አይሮፕላን ያነሰ ጉልበት ይዞ ይሮጣል ማለት ነው። መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ቢረዝምም ወሰን አለው፤ ጎማም ከተወሰነ ፍጥነት በላይ አይችልም። ሌላም አለ፤ ሲነሣ አንድ ሞተር ቢጠፋበት በቀረው ሞተር ወደ ላይ መውጣት እንዲችል ሆኖ መጫን አለበት፤ በሰሜን በኩልም ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው የእንጦጦ ተራራ ቆሟል። መፍትሔው አንድ ነው፤ ክብደትን መቀነስ።

ታዲያ ምን ይቀነስ? ቦይንግ 787-8 የተባለው አይሮፕላን በሰዓት 5 ቶን ያህል ነዳጅ ይፈጃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አይሮፕላን በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበ ነው። አሥራ ሦስት ሰዓት ከግማሽ ለሚሆን ጉዞ ከ67 ቶን በላይ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ለክፉ ቀን የሚያዘው መጠባበቂያም በዚህ ላይ ይጨመራል። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ቢታሰብ የአንድ ሰዓት ነዳጅ የ50 ሰው ክብደት ነው። በባሕር ጠረፍ ቢሆን ሁሉም በአንድነት ይጫን ነበር። በቦሌ ግን ምርጫ አለ፤ ወይ መንገደኛና ዕቃ ይቀራል፥ ወይ ነዳጅ ይቀራል። መንገደኛ ቢቀር አየር መንገዱ ይከስራል። ስለዚህ ነዳጁን ቀንሶ መነሣትና በመንገድ ላይ ዝቅ ባለ አገር አርፎ መሙላት ይሻላል። ደብሊንም ሮምም ከባሕር ወለል እምብዛም ያልራቁ ማረፊያዎች ናቸው።

ከደለስ ሲነሣ ግን አየሩ ወፍራም ነው፤ ነፋሱም ከኋላው ነው። የሞላ ነዳጅና የሞላ መንገደኛ ይዞ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ብቻ ቦሌ ላይ ያርፋል። ሲደርስ ነዳጁን ስላቃጠለ ቀሏል፤ ስለዚህ የቦሌ ከፍታ ለማረፍ እንደ መነሣቱ አያስቸግረውም። የእግረኛውን አባባል ብንጠቀም ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን መሄድ አቀበት ነው፤ መመለስ ቁልቁለት ነው። የሚያስቀው ግን አቀበት የሆነው ከከፍተኛው አገር ወደ ዝቅተኛው መውረዱ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንዝጋ። አንዱ ሰዓት ተኩል በነፋስ፥ የቀረው ደግሞ ለነዳጅ ሲባል በሚወረድበት፥ በሚቆምበትና እንደገና በሚወጣበት ጊዜ ይሄዳል።

፮. ሰዓትና ቀን

እስካሁን የተናገርነው አይሮፕላኑን ለሚያበሩት ነው ቢባልም የሚከተለው ግን ቲኬት ለያዘ ሁሉ ነው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው መነሻ በመነሻው አገር ሰዓት፥ መድረሻውም በመድረሻው አገር ሰዓት ነው። ለምሳሌ በበጋቸው ወራት ከአዲስ አበባ 22:30 ተነሥቶ በማግሥቱ 08:00 ዋሽንግተን ይደርሳል የሚል ቲኬት እናስብ። በዓይን ሲታይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሲመለስ ደግሞ 11:00 ተነሥቶ በማግሥቱ 07:15 ይደርሳል ቢል ሃያ ሰዓት ከሩብ ይመስላል። ሁለቱም ሐሰት ናቸው።

ምድር 360 ዲግሪውን በ24 ሰዓት ስለምትዞር ለአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ይደርሳል። የኬንትሮሱን ልዩነት 116.26 ለ15 ብናካፍል ሰባት ሰዓት ከሦስት ሩብ ይሆናል። መንግሥታት ሰዓታቸውን በሙሉ ቁጥር ስለሚያደርጉት በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል በክረምታቸው 8 ሰዓት፥ በበጋቸው 7 ሰዓት ልዩነት አለ። አሜሪካኖች በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፤ በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። (ወሮቹ ማርችና ኖቬምበር የሚባሉት ናቸው።) እኛ አንነካውም። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ልዩነቱን መደመር፥ ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መቀነስ። በምሳሌያችን 9 ከግማሽ ሲደመር 7፥ 16 ሰዓት ተኩል ሆነ። 20 ከሩብ ሲቀነስ 7፥ 13 ሰዓት ከሩብ ሆነ። የተምታታው ነገር ሁሉ ወዲያው ጠራ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እርሱም ከሁሉ የሚብስ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ስለ ሆነ የቲኬቱን ሰዓት ለማግኘት በስድስት ማስተካከል እንዳለብን ሁሉም ያውቃል፤ 22:30 ማለት ምሽት 4:30 ነው። ብዙዎች የሚስቱት ሰዓቱን ሳይሆን ቀኑን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ ልማድ ግን እስኪነጋ ድረስ ያው የትናንቱ ሌሊት ነው። ቲኬቱ «ሰኞ 00:40» ቢል፥ በእኛ አነጋገር እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 6:40 ማለት ነው። ሰኞ ቀን ጓዙን ሲያስር ውሎ ሰኞ ማታ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቤተ ሰብ ተሰብስቦ፥ ገንዘብ አዋጥቶ፥ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ የተገኘ ቲኬት በስድስት ሰዓት ስሕተት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በቲኬት ላይ ከ00:00 እስከ 06:00 ያለ ሰዓት ያየ ሁሉ አንድ ምሽት ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ይህን ለወላጆቻችንና ለጎረቤቶቻችን ማስረዳት ከእኛ የሚጠበቅ ትንሽ፥ ግን ብዙ የሚያድን አገልግሎት ነው።

፯. ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅመናል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የአብራሪና የኢንጂነር ጉዳይ ነው፤ ለሕግ ወይም ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን ያደርግለታል?» ይሉ ይሆናል። አንድ ምሳሌ ብቻ እናቅርብ። አዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አጠገብ፥ አቡሴራ በተባለ ስፍራ አዲስ ታላቅ የአይሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት መታሰቡ በ2024 ይፋ ሆኗል። ዋናው ምክንያት የቦሌ መጥበብ ነው። ነገር ግን የቢሾፍቱ አካባቢ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ በመሆኑ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አራት መቶ ሜትር አየሩን በመቶ 4 ያህል ያወፍረዋል። ጥቂት ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ቶን የሚመዝን አይሮፕላን በየቀኑ ሲነሣ ተጨማሪ መንገደኛ፥ ተጨማሪ አበባ፥ ተጨማሪ ዕቃ ማለት ነው። በሌላው ሚዛን ላይ ደግሞ በዚያ መሬት ላይ ሲያርሱ የኖሩና ወደ ሌላ ስፍራ የሚዛወሩ ገበሬዎች አሉ። ጥቅሙንና ዋጋውን አስተያይቶ ለመፍረድ የአየሩን ሒሳብ የሚያውቅም፥ የሰውን ኑሮ የሚያውቅም ያስፈልጋል፤ ሁለቱን በአንድ ራስ የያዘ ሰው ቢገኝ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

በመጨረሻም ለመለማመጃ ያህል አንድ ሥራ እንተውላችሁ። የደብሊን ማረፊያ ኬክሮስ 53.42 ዲግሪ ሰሜን፥ ኬንትሮሱ 6.27 ዲግሪ ምዕራብ ነው። በሁለተኛው ክፍል በሰጠነው ሕግ ከቦሌ እስከዚያ ያለውን ርቀት አስሉ። ማእዘኑ 57.2 ዲግሪ ያህል ከወጣላችሁ ትክክል ናችሁ። ቀጥላችሁም ዘመዶቻችሁ የሚኖሩበትን ከተማ መርጣችሁ ያንኑ አድርጉ። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካፍሉት፤ ከዚያም ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፥ የመነሻው ከፍታ ስንት እንደ ሆነ፥ ሰዓቱም በማን አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ጠይቁ። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የጠየቀ ሰው «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ለሚለው የቆየ ጥያቄ ከመንገደኛው አባቱ ያላነሰ መልስ ይኖረዋል። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላልና።